ሰሚው ግጥም ሲሰጥ

በአዝማሪ ቤት የሰሚ ምስጋና በጭብጨባ ብቻ አያበቃም። ሞቅ ያለው ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ስንኙን ከአፉ ተቀብሎ፣ በማሲንቆው እያጀበ ለቤቱ ሁሉ ያሰማለታል። ያን ጊዜ ዘፋኙ ማን፣ ሰሚው ማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል። አንድ የባዕድ አገር አልበም በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው «ተቀበል» ነው። አልበሙ የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የጆኒ ካሽ ሲሆን፣ የተቀዳውም በካሊፎርኒያው የፎልሰም ወህኒ ቤት፣ በእስረኞች ፊት፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን አልበም በወጣትነቴ የወደድሁት ለአንድ ጩኸት ስል ነበር። በመክፈቻው ዘፈን ውስጥ ተራኪው ያለ አንዳች በቂ ምክንያት ነፍስ ማጥፋቱን ይናገራል። ወዲያው ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው በደስታ ሲጮህ ይሰማል። ጩኸቱ ያስፈራኝም፣ ያስደስተኝም ነበር። «እውነተኛ ሰሚ ማለት ይህ ነው፤ የተዘፈነለት ሰው ራሱ መሰከረ» እያልሁ ለወዳጆቼ ደጋግሜ አሰምቻለሁ። ኋላ ግን ማይክል ስትራይስጉት ስለዚህ አልበም አሠራር የጻፈውን መጽሐፍ ሳነብ ደነገጥሁ። ያ ጩኸት በዚያ ስንኝ ላይ የተሰማ አልነበረም፤ ቅጂው በስቱዲዮ ሲሰናዳ የተጨመረ ነው። እስረኞቹ ጠባቂ ከበላያቸው ቆሞ ያያቸው ነበርና፣ እንዲህ ባለው ቃል ላይ ከመፈንደቅ ራሳቸውን ቆጥበዋል።

የመጀመሪያው ጭብጨባ እንኳ እንደ ፈቀደ የፈሰሰ አይደለም። የመድረክ አስተዋዋቂው ሂዩ ቼሪ፣ ካሽ ብቅ ሲል እንዳያጨበጭቡ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ስሙን ሲናገር ግን አዳራሹን እንዲያናውጡት እስረኞቹን አስቀድሞ አስጠንቅቋቸው ነበር። እነርሱም እንደ ተባሉት አደረጉ። ታዲያ የሰሚዎቹ ምስጋና ሁሉ የተቀነባበረ ነበርን? ቅሬታዬ እስኪበርድልኝ ድረስ አልበሙን ለብዙ ጊዜ ሳልሰማው ቆየሁ። ወደ እርሱ የመለሰኝ የዘፈኑ ታሪክ ነው።

ካሽ በ1932 በአርካንሶ ተወልዶ፣ ጥጥ እየለቀመ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። አልፎ አልፎ ለአንድ ሌሊት ተይዞ ከማደሩ በቀር የወህኒ ቤት ፍርድ ቀምሶ አያውቅም። ፎልሰምን ያወቀው በአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባነት ጀርመን አገር ሳለ ባየው ፊልም ነው። ዘፈኑንም የደረሰው በዚያው ሲሆን፣ ዜማውና ከግጥሙም ብዙው ጎርደን ጄንኪንስ ከሠራው ዘፈን የተወሰደ በመሆኑ ከዓመታት በኋላ ካሳ ለመክፈል ተገዷል። እንግዲህ ዘፈኑ ከፊልም የተነሣና በውሰት የቆመ ነበር። በ1955 በሜምፊስ ከተማ ተቀድቶ ሲወጣ ግን እስረኞች የራሳቸው አደረጉት። ደብዳቤ ጻፉለት፤ መጥቶ እንዲዘፍንላቸውም ለመኑት። እርሱም በ1957 በቴክሳስ ሃንትስቪል ጀምሮ በየወህኒ ቤቱ ይዞር ጀመር። ያልታሰረውን ሰው የታሰሩት አመኑት።

1968 ሲገባ ካሽ ከክኒን ሱስ ጋር እየታገለ፣ ዝናውም ቀዝቅዞ ነበር። በወህኒ ቤት አልበም የመቅዳት ሐሳቡን ኮሎምቢያ ኩባንያ ሲያንገራግርበት ቆይቶ፣ አዲሱ ፕሮዲዩሰር ቦብ ጆንስተን ተቀበለው። በዚያች የጃንዋሪ ቀን በፎልሰም የመመገቢያ አዳራሽ ሁለት ትርኢት ቀረበ። ጁን ካርተር፣ ካርል ፐርኪንስና የስታትለር ወንድሞችም አብረው ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ አልበሙን እንደ አዲስ ስሰማ፣ ጆሮዬ ድሮ ያለፈውን ነገር ያዘ። በዘፈን መካከል የወህኒ ቤቱ ድምፅ ማጉያ እስረኛ ይጠራል። የሚጠራው ግን በስም አይደለም፤ በቁጥር ነው። ቁጥር ይጠራል፤ ባለ ቁጥሩ ከጨዋታው መካከል ተነሥቶ ሊሄድ ነው። ወዲያው ዘፈኑ ይቀጥላል።

በመጨረሻ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በዋዜማው ሌሊት ፍሎይድ ግሬሴት የተባለ፣ እስረኞችን የሚያጽናና ቄስ፣ በፎልሰም የታሰረ ሰው የዘፈነበትን ቴፕ ለካሽ አምጥቶለት ነበር። ዘፈኑ «ግሬይስቶን ቻፕል» ይባላል፤ በዚያው ግንብ ውስጥ ስላለው የጸሎት ቤት ነው። ደራሲው በመሣሪያ ዘረፋ ተፈርዶበት የታሰረው ግሌን ሸርሊ ነው። ካሽ በዚያው ሌሊት አጠናው፤ በማግስቱም የዝግጅቱ መዝጊያ አደረገው። ሸርሊ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ሳለ፣ ዘፋኙ የደራሲውን ስም ጠራ። በቁጥር ሲጠራ የኖረ ሰው፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ በስሙ ተጠራ። ያን ጊዜ የሚሰማውን የእስረኞች ሁካታ ማንም በስቱዲዮ መጨመር አላስፈለገውም። ለእኔ ይህ የፎልሰም «ተቀበል» ነው፤ ግጥም ሰጪው ሰሚው ነበርና።

አልበሙ በዚያው ዓመት በሜይ ወጣና በካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ካሽ በመክፈቻው ዘፈን ብቻ ሳይሆን፣ በአልበሙ ሽፋን ላይ በጻፈው ማስታወሻም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ነገር ግን በጁን ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተመትቶ ሲሞት፣ የሬዲዮ ጣቢያዎች በነጠላ የወጣውን ያንኑ የመክፈቻ ዘፈን ማሰማት ተዉ፤ ኩባንያውም የግድያውን ስንኝ ቆርጦ በአዲስ መልክ አወጣው። በአልበሙ ላይ የሐሰት ጩኸት ያደመቀው ስንኝ፣ ብዙ ሳይቆይ መቀስ ገባበት።

የዘፋኝና የሰሚ ፍቅር ግን ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። መርል ሃጋርድ በሳን ኩዊንቲን ወህኒ ቤት ታስሮ ሳለ፣ ካሽ መጥቶ ሲዘፍን ከተመለከቱት አንዱ ነበር። በ1960 ተፈትቶ ራሱ የካንትሪ ሙዚቃ ታላቅ ዘፋኝ ሆነ፤ በ1972ም የካሊፎርኒያው አገረ ገዢ ሮናልድ ሬገን ሙሉ ምሕረት ሰጡት። ሸርሊ በ1971 ሲፈታ ካሽ ተቀበለው፤ ሥራ ሰጠው፤ በመድረኮቹም ላይ አሰለፈው። በ1972 ሁለቱ ስለ ወህኒ ቤቶች መሻሻል በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተናገሩ። ሆኖም የውጪው ኑሮ ለሸርሊ አልሆነለትም። ጠባዩ አብረውት የሚጓዙትን አስፈራ፤ ካሽም ከቡድኑ አሰናበተው። በ1978 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ዕድሜው 42 ዓመት ነበር።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን የመጨረሻ ሁካታ እንደ ድሮው በንጹሕ ደስታ መስማት አልችልም። አዝማሪው የሰጠነውን ስንኝ ተቀብሎ ሲያዜምልን ቤቱ ሁሉ ይደምቃል፤ ሌሊቱ ሲነጋ ግን እያንዳንዳችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሸርሊን ያነሣው ዘፋኝ ለአንድ ቀን ብቻ አላነሣውም፤ ከግንቡ ውጪም ሊይዘው ሞክሯል። አልበቃም። ያም ሆኖ ያደረገውን ከንቱ ነበር ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

ዛሬ አልበሙን ስከፍት በመጀመሪያው ዘፈን ላይ የተጨመረውን ጩኸት እንደ ዋዛ አሳልፈዋለሁ። ቁጥሮቹ ሲጠሩ አዳምጣለሁ። ከዚያም ያ ስም እስኪጠራ እጠብቃለሁ።