መርፌ የማይወጋው ዶክተር



እዚህ ረሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ የመጀመሪያውን ዲግሪ ጨረሰች፣ ደስ አለን። ሁለተኛውን ጨመረች፣ እሰየው አልን። አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ዶክቶራት ልማር ትላለች። ስንት ዓመት ልትቆይ ነው? ዶክተር ተብላ መርፌ እንኳ አትወጋም!»

የእናትየውን ጭንቀት እረዳለሁ። ኪራይ አለ፣ ጋብቻ አለ፣ ዕድሜም አይቆምም። ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ብንነጋገር ጥሩ ነው።

«ዶክተር» የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ «አስተማሪ» ነው እንጂ «ሐኪም» አልነበረም። ከ800 ዓመት በፊት በፓሪስና በቦሎኛ ይህን ማዕረግ ያገኘ ሰው የማስተማር ፈቃድ አገኘ ማለት ነበር። በ1810 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ሌላ ነገር ተጨመረ፤ አስተማሪው ሌላው የጻፈውን ብቻ እያነበበ የሚያስረዳ ሳይሆን፣ ራሱ መርምሮ አዲስ እውቀት የሚያመጣ ይሁን ተባለ። የዛሬው ዶክቶራት የመጣው ከዚያ ነው።

ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ቄስ ለመሆን የፈለገ ልጅ ከመነኩሴ ወይም ከአዋቂ ቄስ ዘንድ ተቀምጦ ግዕዙን፣ ኦሪቱን፣ ጸሎቱን ለዓመታት ያጠና ነበር። ሳይማር ላስተምር ቢል ማን ይሰማዋል?

በረሖቮት በየቀኑ በደጁ የምናልፍበት የዋይዝማን ተቋምም የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። ሐይም ዋይዝማን በ1899 በስዊዘርላንድ በኬሚስትሪ ዶክተር ሆኑ፤ መጀመሪያ በጄኔቭ፣ ከ1904 ጀምሮ ደግሞ በማንቸስተር አስተማሩ። ምርምሩ በ1934 እዚህ ተከፈተ። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ብቻ ነው። የዶክቶራት ተማሪዎቹም እየተማሩ የኑሮ ድጎማ፣ ሚልጋ፣ ይከፈላቸዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በኋላ ፓሪስ ያስተማሩት ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ሄደው ነበር። ተማሪያቸው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ተከተላቸው፤ እሱም በዶክተርነት የተመረቀ ሰው ነው። በ1905 ሲመለስ ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ይዞት ሄደ። ታምራት በፓሪስና በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ተምረው፣ በኋላ የአዲስ አበባውን የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መሩ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው አቶ ዮና ቦጋለም ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው መምህር ሆኑ፤ በ1979 ወደ እስራኤል ገቡ።

ታምራትንና ዮናን የምናከብራቸው የተማሩትን ይዘው ወደ ልጆቻችን ስለተመለሱ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሎ ነበር። በዩኒቨርሲቲ መድረክ ቆመው ስለ እኛ የሚያስተምሩት ለብዙ ዘመን ሌሎች ነበሩ። ሽማግሌዎቻችን ይናገራሉ፣ ሌላው ይጽፋል፣ ተማሪውም የሌላውን መጽሐፍ ያነባል።

ዛሬ ይህ እየተለወጠ ነው። ኢትዮጵያ የተወለዱት አንበሳ ተፈራ በ2000 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሲዳምኛ ሰዋስው ጽፈው ዶክተር ሆኑ፤ ከዚያም የሴማውያን ቋንቋዎችን በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ረቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎምም የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከውስጥ ሆነው ጽፈዋል፣ ያስተምራሉም።

እውነቱን ለመናገር፣ ዶክቶራት ብቻውን ጥሩ አስተማሪ አያደርግም። አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዞ ዓመታት መቀመጥ ነው፤ በቃሉ ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ተማሪውን የሚያሰለች ዶክተር ሞልቷል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ራሱ የፈለገ፣ የተሳሳተ፣ ሥራው በሌሎች የተተቸበት ሰው ተማሪው ፊት «ይህን አላውቅም፣ አብረን እንፈልገው» ለማለት አያፍርም። ተማሪውንም እንዴት እንደሚፈለግ ያሳየዋል። ነገ ደግሞ የእኛን ልጆች ጥናት የሚመራ ሰው ይገኛል።

ስለዚህ ለእናትየው ያልኩትን ለሁላችሁም ልበል። ልጃችሁ ዶክቶራት ልማር ስትል «ተይው» ከማለት በፊት ሚልጋ ታገኝ እንደሆነ፣ መቼ እንደምትጨርስና የሚመራት መምህር ማን እንደሆነ ጠይቋት። ከዚያ ሰንበት ሲወጣ ቡና አፍሉና የምታውቁትን ንገሯት። የእናንተ ታሪክ ክፍል ውስጥ በእሷ አፍ ቢነገር ምን ይከፋል?

አምላከ እስራኤል ልጆቻችንን ይባርክልን።