ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ ፤ ስለ ተማሪዎች ቴአትር አጭር ታሪክ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አበው። ይህ ተረት ስለ ሊጥ የተነገረ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ልጅ ውኃውን አይመጥንም፥ ቡኮውም እስኪደርስ አይታገሥም። ስለ ትምህርት ቤት የተነገረ እንደ ሆነ ግን የአገራችን ታሪክ ሌላ ይመሰክራል። ልጆች ያቦኩት ለራት የበቃበት፥ እንዲያውም ለትልቅ ግብዣ የቀረበበት ጊዜ አለ። ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ስለ ታዘዝን፥ እኔ ተማሪዎች ስለ ጻፉትና ስላሳዩት ቴአትር ጥቂት ለመጻፍ መረጥሁ። የመረጥሁበት ምክንያት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ያየሁት ነገር ነው።

ስምንተኛ ክፍልን የተማርሁት በሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የአማርኛ መምህራችን ክፍሉን በአምስት ቡድን ከፍለው እያንዳንዱ ቡድን አጭር ቴአትር እንዲጽፍ አዘዙን። የእኛ ቡድን የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ በድንበር ስለ ተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ጻፈ። ልምምዱ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። በቡድናችን ውስጥ በሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እጅዋን አውጥታ መልስ ያልመለሰች ልጅ ነበረች። የእናትነቱን ቦታ የሚይዝ በመጥፋቱ ለእርስዋ ተሰጣት። ግንቦት ሲገባ ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለ ቀረበ፥ የዓርቡ ሰዓት ሁሉ ለክለሳ ይሁን ተባለ። ቴአትሩም ሳይታይ ቀረ። መምህራችን ደብተሮቻችንን ሰብስበው ወደ ቁም ሣጥን አስገቡአቸው። እኛም «ቴአትር ጨዋታ ነው፤ ትምህርት የሚባለው ፈተናው ነው» ብለን ተቀበልነው። ይህ አሳባችን ትክክል ነበርን? ለዚህ ጥያቄ ታሪክ የሚሰጠውን መልስ እስቲ እንመልከት።

በአገራችን በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የተማሩ፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሊቅ ናቸው። በዚያ ቴአትር እንስሳትን እያናገሩ የመንግሥቱን አሠራር ጉድለት ስላሳዩበት በቤተ መንግሥት ዘንድ አልተወደደም፤ ታገደም። እንግዲህ ቴአትር ገና ከልደቱ ቀን ጀምሮ ተራ ጨዋታ ሆኖ አልታየም ማለት ነው። ተራ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር?

ቴአትር መጠጊያ ያገኘው በትምህርት ቤት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ነበሩ፤ ትምህርቱም ይልቁንም ቋንቋ ነበር። ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች በሩን ከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ልጆች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ሲማሩ፥ የገዛ ቋንቋቸውን በአዲስ መንገድ የሚሠሩበት ቦታ ከሚያገኙባቸው ሥራዎች አንዱ መዝሙርና ቴአትር ሆነ።

በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው መምህር ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የተወለዱት በጎጃም በደብረ ኤልያስ ሲሆን፥ ያደጉትም በቅኔ ትምህርት ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥተው መምህር ከሆኑ በኋላ ለተማሪዎቻቸው መዝሙርና ቴአትር እየደረሱ ያስጠኑ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ቃሉ የእርሳቸው፥ ዜማው የአርመናዊው የሙዚቃ መምህር የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በቅኔ ቤት የተማሩትን ምስጢርና ሰምና ወርቅ ወደ መድረክ አወጡት። ሐሳቡ የቆየው የቤተ ክህነት ትምህርት፥ አፉ ግን የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጅ ሆነ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነጻነት በኋላም «አፋጀሽኝ» የተባለው ቴአትራቸው የዚያን ዘመን መከራ ለሕዝብ አሳየ።

አሁን ከመምህራን ወደ ተማሪዎች እንሻገር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚለው፥ በ1958 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው የማያውቅ አንባቢ የለም። ነገር ግን ገና ተማሪ ሳሉ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ቴአትር ጽፈው ለመድረክ እንዳበቁ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እርሳቸውም እንደ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ የጎጃም ልጅ ሲሆኑ፥ በደብረ ኤልያስም በሌሎችም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። የቴአትሩን ስም ብቻ ብናየው እንኳ አንድ ተማሪ ስለ አገሩ ኋላ መቅረት ይጨነቅ እንደ ነበር እንረዳለን። ወጣቱ ስለዚህ ነገር ለመናገር ሹመት እስኪያገኝ አልጠበቀም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ክፉ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገደሉ፤ ይልቁንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ዕውቀት ራሱ እንደ ወንጀል ተቈጠረ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተዋግተው ተማረኩና በኢጣልያ ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በብዙ ኀላፊነት ሲያገለግሉ፥ ከያዙአቸው ሥራዎች አንዱ የትምህርት ሚኒስትርነት ነበር። በተማሪነቱ ቴአትር የጻፈ ልጅ የተማሪዎች ሁሉ ኀላፊ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛ ዕድሜ ያንሳል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ ተወለደ። በቤቱ ኦሮምኛ፥ በቤተ ክህነት ግእዝና ቅኔ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እየሰማ አደገ። በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ልጅ ሆኖ «የዲዮኒስዮስ ዳኝነት» የተባለ ቴአትር ጻፈ፤ ይህም ቴአትር በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ፊት ታየ። ልብ በሉ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ማለት ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዕድሜ ነው። ስለ ዳኝነት የተጻፈውን የልጅ ቴአትር ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጠው ያዩት የአገሪቱ የበላይ ዳኛ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ያ ልጅ በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሰ፤ በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበለ፤ ሎሬት ተብሎም ተጠራ። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ ቴአትርና ግጥም ለአገሩ ትቶ ነበር። መጀመሪያው ግን በአምቦ የነበረው የትምህርት ቤት መድረክ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «እነዚህ ልዩ ስጦታ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ቴአትር ባይሠሩም ትልቅ መሆናቸው አይቀርም ነበር» ይል ይሆናል። ይህ ሊሆን ይችላል። እኔም ቴአትር የሠራ ሁሉ ሎሬት ይሆናል አልልም፤ የፈተና ነጥቡ ከፍ ይላል ብዬም አልከራከርም። የምለው ይህ ነው፤ ስጦታ ያለው ልጅ ስጦታውን የሚያውቀው ሲሠራበት ነው። በአምቦ መድረክ ባይኖር፥ የዚያን ልጅ ጽሑፍ ማን ያየው ነበር?

ስጦታ የሌለን እኛም ብንሆን የምናተርፈው አለ። ቴአትር የሚያጠና ልጅ ቃሉን በእጁ ይገለብጣል፤ ገልብጦም በቃሉ ይይዛል፤ ከያዘም በኋላ ትርጉሙን ካልተረዳ ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚያወርድ አያውቅም። ባልንጀራው እስኪናገር ዝም ብሎ መጠበቅን ይማራል። የማይወደውን ሰው ጠባይ ይዞ ሲጫወት፥ ያ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ያስባል። በእኛ ቴአትር ውስጥ ታላቅ ወንድሙን የሚከስሰው ልጅ ሆኜ የተጫወትሁት እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያ እርሱ ጥፋተኛ መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ልምምድ ግን የእርሱም ነገር እውነት እንዳለበት ተረዳሁ። ይህን በየትኛው ክለሳ አገኘው ነበር?

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የተለዋወጠ ነው። በቀድሞው ሥርዐት አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ለብቻቸው ሆነው በስምንተኛው መጨረሻ «ሚኒስትሪ» የተባለው ፈተና ይሰጥ ነበር። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሲሆን፥ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስምንተኛ ክፍል አደረሰው፤ በቅርብ ዓመታት የመጣው አዲሱ ሥርዐት ደግሞ ሰባተኛንና ስምንተኛን እንደገና መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቶአቸዋል። ስሙ ቢለዋወጥም የልጁ ችግር አንድ ነው። በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ብዙ ልጅ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል፤ ትናንት በአፉ የሚመልሰውን ዛሬ መመለስ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ፈተና ይጠብቀዋል። ከዚህ የተነሣ ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ይመስለናል።

ፈተናን አልነቅፍም። ፈተና የሀብታሙንና የድኻውን ልጅ በአንድ ወንበር ያስቀምጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወላጆቻችንም ስለ ፈተናው ቢጨነቁ የደከሙበት ልጅ እንዳይወድቅባቸው ነው። ነገር ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ለቴአትር ቢተውልን ከፈተናው የሚጐድል ይኖራልን? ሐዲስ ዓለማየሁም ጸጋዬም በትምህርታቸው ወደ ኋላ የቀሩ አልነበሩም።

የእኛን ቴአትር ፍጻሜ ነግሬ ጽሑፌን ልደምድም። ፈተናው ባለቀ ማግሥት መምህራችን ቁም ሣጥኑን ከፍተው ደብተሮቻችንን መለሱልን። «ጊዜ አላችሁ፤ ተመልካች ግን የላችሁም» አሉን። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፥ ነጠላ ተበድረን በመማሪያ ክፍላችን ውስጥ ተጫወትን። ያየን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፥ ጥቂት ታናናሽ ልጆችና ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ አራት ወይም አምስት ወላጆች ነበሩ። ያች ዝምተኛ ልጅ እናት ሆና ሁለቱን ልጆችዋን ስትገሥጽ ድምፅዋ ከክፍሉ አልፎ ውጭ ይሰማ ነበር። አባትዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ሲያልቅ ወደ መምህራችን ጠጋ ብለው፥ «ይህች የእኔ ልጅ ናትን? በቤትም እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም» አሉ። መምህራችንም «እኔም በክፍል ሰምቻት አላውቅም» ብለው መለሱላቸው።

እርስዋ ፈተናውን አለፈች። በቴአትሩ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ያን ቀን አባትዋ ልጃቸውን ዐወቁአት፤ ይህን ውጤት የሚጽፍ የፈተና ወረቀት የለም።

ስለዚህ ክቡራን መምህራንና ወላጆች፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን አቦክተው ሲያቀርቡ፥ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ታገሡአቸው። ለራት መብቃቱን የምታውቁት ስትቀምሱት ነውና።