የሩቅ ደሴቶች የመጀመሪያ ሰፋሪዎችና የቁፋሮ ምስክርነት

የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከምድር ገጽ ሲሦ ያህሉን ይሸፍናል። የአውሮፓ መርከበኞች ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዘመን በዚህ ውቅያኖስ ላይ በተመላለሱ ጊዜ፣ ከየትኛውም አህጉር በሺህ በሚቆጠር ኪሎሜትር የራቁ ደሴቶች ሳይቀሩ ሰው ሰፍሮባቸው፣ ታርሰውና ለምተው አገኟቸው። ብረት የማያውቅና ኮምፓስ ያልያዘ ሕዝብ ከዚያ እንዴት ሊደርስ ቻለ? የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዙ አከራክሯል።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1947 ኮን ቲኪ በተባለ፣ ከበልሳ ግንዶች በተጠፈረ መንሳፈፊያ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ቱአሞቱ ከተባሉት ደሴቶች ደረሰ። በዚህም የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከደቡብ አሜሪካ መምጣታቸውን ለማስረዳት ሞከረ። የኒው ዚላንዱ የታሪክ ጸሐፊ አንድሩ ሻርፕ ደግሞ በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሩቆቹ ደሴቶች የተያዙት ታስቦበት በተደረገ ጉዞ ሳይሆን ነፋስ መንገድ ባሳታቸው ሰዎች ነው አለ። ሁለቱ አስተያየቶች ቢለያዩም፣ ከሰፋሪዎቹ ዕውቀት ይልቅ ለነፋስና ለባሕር ሞገድ ብዙ ድርሻ መስጠታቸው አንድ ያደርጋቸዋል።

መልሱ ከመሬት ውስጥ ወጣ። በ1952 በኒው ካሌዶንያ፣ ላፒታ በተባለ ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ፣ ጥርስ ባለው መሣሪያ እየተወጋ ያጌጠ የሸክላ ስባሪ ተገኘ። ይኸው ዓይነት ሸክላ ከኒው ጊኒ አጠገብ ካሉት የቢስማርክ ደሴቶች ጀምሮ እስከ ቶንጋና ሳሞኣ ድረስ ይገኛል። ዕድሜው በምዕራብ 3,300 ዓመት ያህል ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር እያነሰ ይመጣል። ስለዚህ ሕዝቡ የተጓዘው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በቫኑአቱ ቴኡማ ከተባለው የ3,000 ዓመት የመቃብር ስፍራ በተገኘ አጽም ላይ የተደረገው የዘር ጥናትም፣ ውጤቱ በ2016 ሲታተም፣ የሰዎቹን ዝምድና ከታይዋንና ከሰሜን ፊሊፒንስ ሕዝቦች ጋር አገናኝቷል።

ቀጥሎ የሚነሣው የጊዜ ጥያቄ ነው። በቶንጋ ኑኩሌካ በተባለ ስፍራ ከኮራል የተሠሩ ሞረዶች ተገኙ። በ2012 በወጣው ጥናት የአንደኛው ሞረድ ዕድሜ በዩራኒየምና በቶሪየም ልኬት 2,838 ዓመት ሆኖ ሲገኝ፣ የልኬቱ ስሕተት 8 ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ወደ ምሥራቅ ለራቁት ደሴቶች ግን ልኬቱ እንዲህ የቀና አልነበረም። በሬዲዮካርቦን የሚለካው ከሰል 300 ዓመት ከቆመ ዛፍ ግንድ የተገኘ እንደ ሆነ፣ እሳቱ ከነደደበት ዘመን 300 ዓመት ያህል የቀደመ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በ2011 የታተመ ጥናት 1,434 ልኬቶችን ሰብስቦ፣ እንደ ፍሬና እንደ ጭራሮ ካሉ ዕድሜያቸው አጭር ከሆነ ነገሮች የተገኙትን ብቻ አስቀደመ። በዚህም መሠረት ታሂቲ የምትገኝባቸው የሶሳይቲ ደሴቶች ከ1025 እስከ 1120፣ ሃዋይን፣ ኒው ዚላንድንና ራፓ ኑይን ጨምሮ የቀሩት ደግሞ ከ1190 እስከ 1290 ባለው ጊዜ መያዛቸው ተገመተ። በኒው ዚላንድ ከሰው ጋር በታንኳ የገባው አይጥ የጋጣቸው ፍሬዎችም በ2008 በወጣው ጥናት ከ1280 ገደማ የሚቀድሙ ሆነው አልተገኙም። በ2020 የቀረበው የአቲዩ ደሴት የሐይቅ ደለል ጥናት ግን የሰውን ምልክት እስከ 900 ገደማ መልሶታል። ቁጥሩ ገና ሊታረም ይችላል ማለት ነው።

ጉዞው የአጋጣሚ ነበር የሚለውን ሐሳብ በቅድሚያ የፈተነው ኮምፒዩተር ነው። በ1973 የታተመ ሥራ፣ የነፋስንና የሞገድን መረጃ ይዞ ከ100,000 በላይ የመንሳፈፍ ጉዞዎችን በስሌት ሞከረ፤ በመንሳፈፍ ብቻ ሃዋይ፣ ኒው ዚላንድም ሆነ ራፓ ኑይ መድረስ የሚቻል አልሆነም። በ1976 ሆኩሌአ የተባለችው ጥንድ ታንኳ፣ በማይክሮኔዥያዊው ማው ፒያይሉግ መሪነት፣ ያለ አንዳች መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ ገባች። የተቻለው በጥንት ጊዜም መደረጉን ያስረዳው ደግሞ ድንጋይ ነው። የቱአሞቱ ደሴቶች ገጽ ኮራል በመሆኑ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይገኝባቸውም። በዚያ የተገኘ አንድ የድንጋይ መጥረቢያ በ2007 በኬሚካዊ ጠባዩ ሲመረመር፣ ድንጋዩ 4,000 ኪሎሜትር ያህል ከምትርቀው፣ በሃዋይ ካለችው ከካሆኦላዌ ደሴት የመጣ ሆኖ ተገኘ።

ሰፋሪዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አሳማና ዶሮ፣ ጎደሬና ሙዝ ጭነው ነበር። እንዲህ ያለው ጭነት ለመኖር አስቦ የወጣ ሰው ስንቅ ነው፤ ነፋስ የወሰደው ዓሣ አጥማጅ ዘርና እርባታ ይዞ አይገኝም። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ለመሐንዲስም ቅርብ ነው። ብረት የሌለው ሕዝብ ይህን ሊሠራ አይችልም የሚለው ፍርድ ለረዥም ጊዜ የቆመው ያለ ልኬት ነበር። ልኬቱ ሲመጣ የታንኳው ሠሪና የኮከብ ተመልካቹ ሥራ በስማቸው ተመዘገበ። የአንድን ሕዝብ ችሎታ በእጁ ባለው መሣሪያ ዓይነት ብቻ መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።