ከጠዳ እስከ አዲስ ዓለም፦ የጎንደር ጉብኝት የሚያልፈው ሰፈር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያመራ የጎብኚዎች ቡድን ማክሰኚትን ካለፈ በኋላ በጠዳ በኩል ወደ አዘዞ ይዘልቃል። በአውቶቡስ ለሚያልፍ ሰው ጠዳ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በታሪክ ግን የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የተቀበሩባት ስፍራ ናት። የጎንደር ሙስሊሞች አሰፋፈር ከእኒህ ንጉሥ ዘመን ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ እኛም ጉዞውን ከዚሁ እንጀምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሙስሊሞቹም ከቤተ መንግሥቱ በታች፣ በቀሃ ወንዝ አቅጣጫ ሰፈሩ። ሰፈሩ ቀድሞ እስላም ቤት ይባል ነበር፤ ዛሬ አዲስ ዓለም ይባላል።

አዋጁ መኖሪያን ለየ እንጂ ኑሮን ሊለይ አልቻለም። ሙስሊሞች እንደ ሌላው ርስት የመያዝ መብት ስላልነበራቸው ኑሯቸውን በንግድና በሸማ ሥራ ላይ መሠረቱ፤ ከተማዋ ደግሞ ያለ ነጋዴና ያለ ሸማኔ መኖር አልቻለችም። የአዋጁ ባለቤት ልጅ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በታመሙ ጊዜ ሐኪም እንዲፈልግ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዓሊ የተባለውን ሙስሊም ነጋዴ ነበር። እርሱም ፈረንሳዊውን ሐኪም ፖንሴን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነሣ፤ ሐኪሙም በተከታዩ ዓመት ጎንደር ገባ። አባትየው ከጎረቤትነት ያራቁትን ወገን ልጅየው የሕይወታቸው ባለ አደራ አደረጉት ማለት ነው። ከሰባ ዓመታት በኋላ ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም፣ የንጉሡን ድንኳን የሚተክሉና የሚነቅሉ፣ ጓዙንም የሚጭኑ የዚህ ሰፈር ሙስሊሞች እንደ ነበሩ ጽፏል።

የተለመደው ጉብኝት ግን ሌላ ነው። ቡድኑ ፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ ይመለሳል። አስጎብኚዎችን ለመውቀስ አይደለም። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የድንጋይ ግንብ ዘመን ተሻግሮ ራሱ ይመሰክራል። የነጋዴ የጭቃ ቤት ግን ይፈርሳል፤ ምስክሩ የሰው ትዝታ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉም ቦታ የሚደርስ ዕጣ አይደለም። በጥንታዊቷ የቻይና ከተማ በሺአን የሚዘዋወር ቡድን የከበሮውን ግንብ ካየ በኋላ ወደ ሙስሊሞች ሰፈር ይገባል፤ በቻይና የአሠራር ጥበብ የታነጸውን ታላቁን መስጊድም ይጎበኛል። ሰፈሩ የከተማዋ ታሪክ አካል ሆኖ ይነገራል እንጂ እንደ ባዕድ አይታይም።

ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ፍጻሜ እንድናስተውል ያዘናል። እንግዲህ ደረሶቻቸውን ይዘው ጎንደር የሚሄዱ መምህራን ከግንቡ በኋላ ወደ አዲስ ዓለም ቢወርዱ፣ የሰፈሩ ኢማሞችም እንግዳ ተቀብለው ከማስረዳት አልፈው የመስጊዶቹን ታሪክ፣ የነጋዴ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግና የቀብር ስፍራዎችን ከአዛውንቶች አንደበት ቢጽፉ መልካም ነው። አዛውንቶቹ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ድንጋይ የለንም።