ልጆቻችንን ምን እናሳያቸው? ገዳሪፍና ዙሪያዋ በታሪክ ዓይን

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በገዳሪፍ በምንኖር ወላጆች ዘንድ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው? ከኻርቱም ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መናፈሻ፣ የአራዊት ማቆያ፣ ሙዚየም እየፈለገ ከተማይቱን ይዞራል፤ ያሰበውን ሳያገኝ ሲቀርም «እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው የችኮላ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ገዳሪፍ ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ ስፍራ እምብዛም የላትም። ነገር ግን የሁለት አገር ሰዎች ሲገናኙባት፣ ሲነግዱባት፣ ሲዋጉባትና ሲጠለሉባት የኖረች ምድር እንደ መሆኗ መጠን፣ ልጅን እጁን ይዞ ሊያሳዩት የሚገባ ብዙ ነገር አላት። የሚያስፈልገው ታሪኩን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚል ከሌለበት በቀር ዓመቶቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ከስሟ እንጀምር። የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት በጥንት ጊዜ ዘላኖች ከየአቅጣጫው እየመጡ እዚህ ይገበያዩ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅም «ኢሊ ቀዳ የሪፍ»፣ ማለትም «ጉዳዩን የፈጸመ ይሂድ» የሚል ጥሪ ይሰማ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ ይባላል። ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ሲመላለስ ለሚውል ተርጓሚ እንዲህ ያለው የስም አፈታት ጥርጣሬ ማጫሩ አይቀርም፤ መጀመሪያ ስሙ ኖሮ በኋላ ታሪክ የተፈለገላቸው ከተሞች በየአገሩ ሞልተዋልና። ይሁን እንጂ ተረቱ አንድ እውነት ይዟል፤ ከተማይቱን የወለዳት ገበያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንገደኞች የሚያውቋት «ሱቅ አቡ ሲን» በሚል ስም ነበር። አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች የወጡበት ቤተሰብ መጠሪያ ነው። በ1861 ከባለቤቱ ጋር ወደዚህ የመጣው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር ሼኽ አሕመድ አቡ ሲንን በአካል አግኝቶ በአድናቆት ጽፎለታል።

ያ ገበያ ዛሬም አልሞተም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ልጆችን ከሁሉ አስቀድሜ የምወስዳቸውም ወደዚያው ወደ እህል ገበያው ነው። ከመከር በኋላ ባሉት ወራት፣ በማለዳ ሲደርሱ፣ የሰሊጡና የማሽላው ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ሐራጁ ደርቶ፣ ነጋዴው እህሉን በመዳፉ እያፈሰ ሲመረምር ይታያል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ቢሉ፣ መልሱ ከእግር በታች ያለው አፈር ነው። እኛ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው፣ ሱዳናውያኑ «ባዶብ» የሚሉት ጥቁር አፈር፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ መኪናም ሰውም ይውጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር ሠራዊት ቀለብ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ በገዳምባሊያ አካባቢ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ነው ገዳሪፍ የሱዳን ጎተራ የሆነችው። ከጎንደርና ከትግራይ ገበሬው ጉልበቱን ይዞ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ መውረድ የለመደውም በዚሁ እርሻ ምክንያት ነው። ከልጆቻችን የብዙዎቹ አያቶች ይህን አገር በመጀመሪያ ያወቁት በማጭድ በኩል ነው፤ ይህን ልጁ እዚያው ጆንያው አጠገብ ቆሞ ቢሰማው ቤት ውስጥ ከሚነገረው የበለጠ ይገባዋል።

የባቡር ጣቢያውና የእህል ጎተራው ብዙ ማብራሪያ አይሹም። ሐዲዱ ከከሰላ ተነሥቶ በገዳሪፍ በኩል እስከ 1929 ድረስ ከስናር ጋር ተገናኘ። ከኻርቱም ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው አስፋልት በ1980 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ። ጎተራው በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ሲሆን 100,000 ቶን እህል እንዲይዝ የታሰበ ነው። ወንዶች ልጆች ቁመቱን ማየት ይወዳሉ። ሴቶቹም እንደዚያው፤ የልማድ አነጋገር ሆኖብኝ ነው።

ተዋዋ ግን ሰፋ ያለ ጊዜ ይገባዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲጓዝ «ተዋዋ» በሚባል መንደር ለሳምንታት ታግቷል፤ የስፍራው ሼኽ ገንዘብ ካልሰጠኸኝ አትሄድም ብሎ አስጨንቆት ነበር። መንደሩ ዛሬ ከገዳሪፍ አጠገብ ካለው ሰፈር ጋር የሚጋራው ስም ብቻ ቢሆን እንኳ ለልጅ የሚነገር ጥሩ ታሪክ ነው። የሚገርመው ደግሞ ብሩስ ጎንደር ሳለ የራስ አል ፊል ገዥ ተብሎ መሾሙ ነው፤ ራስ አል ፊል፣ «የዝሆን ራስ» ማለት ሲሆን፣ የዛሬው የገላባት አካባቢ ነው። እንግዲህ ሰውየው እገዛዋለሁ ከሚለው አገር ትንሽ እንደ ራቀ እስረኛ ሆነ ማለት ነው።

የእኛ ተዋዋ የተቆረቆረው ከዚያ ከ200 ዓመት በኋላ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጦርነቱና ከቀይ ሽብር የሸሹ ኢትዮጵያውያን ሰፈሩበት። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ደግሞ በተዋዋና በኡም ራኩባ መጠለያዎች የነበረው መከራ ልክ አልነበረውም። ከመጠለያዎቹ ነዋሪዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙባቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ከጎንደር በእግራቸው ተጉዘው፣ ብዙዎችም በመንገድና በመጠለያው አልቀው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ በሌሊት አውቶቡስ ከገዳሪፍ ወደ ኻርቱም አውሮፕላን ማረፊያ እየተጓጓዙ፣ በአውሮጳ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዜናው ወጥቶ በረራው ከተቋረጠ በኋላም ቀርተው የነበሩትን በመጋቢት 1985 የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አቅራቢያ ካለ ሜዳ አነሧቸው። ያ ሜዳ ምንም ምልክት የለውም። እኔ ግን ከተዋዋ መንገድ ዳር የቆመ ወላጅ ለልጁ «ከዚህ አካባቢ ሰዎች በሌሊት ወደ ሌላ ዓለም ተሻገሩ» ሊለው ይችላል ባይ ነኝ። ኡም ራኩባም ለአሠርት ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በኅዳር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ።

ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ጦርነቱ ከኻርቱም፣ በኋላም ከገዚራና ከስናር ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን ቤተሰቦች ገዳሪፍን ሞሏት፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። የስደተኛ ልጅ ተብሎ ሲጠራ የኖረው ልጃችን አሁን በገዛ አገሩ የተሰደደ የክፍል ጓደኛ አገኘ። ስለ ሽርሽር በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ማንሣቴ ያልጣመው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩትን እኛ ብንዘለው ከታሪኩ ጋር ያለንን ተአማኒነት እናጣለን።

ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዶካ በኩል ያልፋል። በነሐሴ 1940 በሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ወደ ጎጃም የተነሣው ከዚችው ከዶካ ነበር። ጣሊያኖች ገላባትን የያዙት ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብለው፣ ሐምሌ 4 ቀን ነው። ጃንሆይ ግን ድንበሩን የተሻገሩት በዚህ መንገድ አይደለም፤ ወደ ደቡብ ርቀው በኡም ኢድላ በኩል ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ገላባትና መተማን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ጅረትና አጭር ድልድይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራብ አፍሪካና የዳርፉር ተወላጅ የሆኑ ተክሩሮች የሚያስተዳድሩት ታላቅ ገበያ እዚህ ነበረ፤ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ይህም አልበቃ ብሎ ሰው ይሸጥበት ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ መሪነት በዚህ በኩል ዘልቆ ጎንደርን አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛም ይህን ለመበቀል ዘመቱና መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከዘኪ ጠማል ሠራዊት ጋር ገጠሙ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሡ ቆሰሉ፤ ሠራዊቱ ተፈታ፤ እርሳቸውም አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚያፈገፍገውን ጭፍራ ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሰው ወጉት፤ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ለልጅ ይህን እንዴት መንገር ይቻላል? ልጆቻችን በክፍል ውስጥ የዐረብኛውን መጽሐፍ ያነብባሉ፤ በዚያ ይህ ውጊያ የገላባት ድል ነው። ቤት ሲመለሱ ደግሞ የመተማ ሐዘን ይሆናል። አንዳንድ ወላጅ ትምህርት ቤት የተማሩትን ውሸት ነው ይላቸዋል፤ አንዳንዱም ጣጣ ፈርቶ ዝም ይላል። ሁለቱንም አልደግፍም። ከሁለቱም ወገን የሞተው ባላገር እንደ ነበረ፣ ከጎንደር የተቃጠለው ቤትም ከገላባት የተረሸነው ሰውም ቤተሰብ እንደ ነበረው ነግሮ፣ ሁለቱንም ስሞች አስይዞ መልቀቅ የተሻለ ነው። ልጁ ከእኛ ይልቅ ሁለት ነገር አንድ ላይ መያዝ ይችላል፤ በቀን ሁለት ቋንቋ ይናገር የለምን?

ድንበሩን በወረቀት ያሰፈረው ግንቦት 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሥልጣን አላቸው። ስለ ውሃ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ያለው አንድ ግሥ «ማቆም» ነው ወይስ «መቀነስ» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ተርጓሚዎች ስንባል ብዙ ጊዜ አንመሰገንም፤ በወቀሳው በኩል ግን 100 ዓመት እንዘልቃለን። ድልድዩ ጋ ለመድረስ የሚያስብ ቤተሰብ የዕለቱን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መተላለፊያው ከ2023 ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሱዳናውያን ወደ ኢትዮጵያ የሸሹበት ሲሆን፣ ጸጥታውም በየጊዜው ይለዋወጣል።

ስለ ዲንደር ፓርክ ማውራት ልብ ያሳዝናል። በ1935 የተቋቋመው ይህ ፓርክ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን በድንበሩ ማዶ በ2006 ከተመሠረተው ከአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይገናኛል። በ2016 አጥኚዎች በጫካ የተከሉት ካሜራ የአላጥሽን አንበሶች ፎቶግራፍ አንሥቷል። ዲንደር የሚጎበኘው መንገዱ በሚደርቅባቸው የበጋ ወራት ብቻ ነበር። በ2024 ግን ጦርነቱ እስከ ሲንጃና ዲንደር ከተማ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ሠራዊቱ በዓመቱ መጨረሻ ግድም ቢያስለቅቃቸውም ቤተሰብ ይዞ ወደ ጫካው መግባት የሚመከር አይደለም። ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

በዚህ ዓመት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ወዴት ይሂድ ብባል፣ ሸዋክ እላለሁ። ከገዳሪፍ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አትባራ የሚያልፍበት ነው። የገዳሪፍ ቧንቧ ውሃ በከፊል ከዚህ ነው የሚሳበው። የወንዞቹ ስም ነገር ልጆችን ይማርካቸዋል፦ ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ አንገረብ «ባሕር አስሰላም»፣ የሰላም ባሕር ይሆናል፤ ተከዜ ሰቲት ይሆናል፤ ወደ ደቡብ ያለው ሽንፋም ራሃድ ተብሎ ይጓዛል። አንድ ወንዝ ሁለት ስም ያለው እንደ ስደተኛ ልጅ ነው። በየካቲት 2017 የተመረቁት የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች የአትባራንና የሰቲትን ውሃ ከሸዋክ በላይ አቁረዋል፤ ዓሣ አጥማጁ በዝቷል።

ቤከር በሰኔ 1861 ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ደረቁ የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ ወንዙ መጣ እያሉ ተጯጯሁ። ከመሸ አሸዋ የነበረው፣ ሲነጋ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ ጥልቅ ወንዝ ሆኖ አገኘው። በሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም፤ ዝናቡ የዘነበው ሩቅ፣ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። ግድቦቹ ከተሠሩ ወዲህ ወንዙ እንደዚያ ድንገት አይመጣም። ቢሆንም በሐምሌ ወር ልጁን ከዳር አስቀምጠው ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ጥቂት ቢያቆዩት፣ ከታች የሚዘቅጥ ቡናማ ደለል ያያል። ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅዎ፣ ከጭልጋ በላይ ካሉት ማሳዎች እንደሆነ ይንገሩት።