ጥፋተኛው ማን ነው፤ ቅቤው ወይስ ዳቦው?

"ወፍረሻል" የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ሁለት ትርጉም አለው። እናቶቻችን ሲሉት ተመስገን ነው፤ ጓደኞቻችን ሲሉት ስድብ ነው። በሁለቱ መሀል ያለነው እኛ ደግሞ አንዱ "እንጀራ ተዉ" ይለናል፣ ሌላው "ቅቤ ተዉ" ይለናል። ሁለቱንም የሰማ ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር እግዜር ይወቀው። ይህ ክርክር ከየት እንደመጣ ለማየት ወደኋላ ሄድን። ሄደን ሄደን ለንደን ውስጥ አንድ ቀብር አስፈጻሚ ደጃፍ ላይ ቆምን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ዊሊያም ባንቲንግ ይባላል። በ1796 ነው የተወለደው። ቤተሰቡ የእንግሊዝን ነገሥታት ቀብር የሚያሰናዳ የታወቀ ቤት ነበር፤ በ1852 ያ ናፖሊዮንን ያሸነፈው ዌሊንግተን ሲቀበርም ሥራው የእነሱ ነበር። ሀብት አለው፣ ስም አለው፣ ቦርጭም አለው። በ1862 ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ገደማ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አይችልም። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እንዳይጎዳ ፊቱን አዙሮ ወደኋላ ነበር የሚወርደው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የመንገድ ሰው አፍ ነበር። በአደባባይ መሳቂያ መሆን እንዴት እንደሚያም ራሱ ጽፎታል።

ሰነፍ ነበር እንዳይባል ያልሞከረው የለም። "ተንቀሳቀስ" ሲሉት በማለዳ እየተነሳ ቴምዝ ወንዝ ላይ ጀልባ ቀዘፈ። ጡንቻው ጠነከረ፣ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጠነከረ፣ ጭራሽ ኪሎ ጨመረ! የቱርክ ገላ መታጠቢያ ገባ፤ ላቡን አፍስሶ ወጣ። በመጨረሻ ለመፍትሔ ያበቃው ጆሮው ነው። መስማት ሲያቅተው ዊሊያም ሃርቬይ የሚባል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሃርቬይ ፓሪስ ሄዶ ክሎድ በርናር ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጉበት ያስተማረውን ሰምቶ ነበርና ነገሩን ከሆድ ጀመረ። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራ፣ ድንች፤ እነዚህን ተው አለው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባንቲንግ ዛሬ "ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት" የሚባለው አመጋገብ አባት ተደርጎ ነው የሚጠራው። ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ ቅቤም አለ። የአሳማ ሥጋና ሳልሞን ዓሣም ከምሳው ተከልክለው ነበር። የተፈቀደለት በቀን ሦስቴ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ አትክልት፣ ትንሽ ደረቅ ዳቦ፣ ከዚያም ወይን ነው። ለምሳ ሁለት ሦስት ብርጭቆ፣ ለእራት አንድ ሁለት፣ ካሰኘው ከመኝታ በፊት ጠንከር ያለች ነገር። (ይህን ማዘዣ የዛሬ ሐኪም ቢያየው ከዳቦው በፊት የሚያስደነግጠው መጠጡ ነው።) ሆኖም አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው 21 ኪሎ ቀንሶ ደረጃውን እንደ ሰው ፊት ለፊት ወረደ።

በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ ብሎ ትንሽ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በነፃ አደለ። በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብም ትርፉን ለበጎ አድራጎት ሰጠ። ሐኪሞች ግን ተቆጡ። ምኑም ሐኪም ያልሆነ ቀብር አስፈጻሚ ስለ ሕክምና ምን አገባው? ሕዝቡ ግን ስሙን ግስ አደረገው። ስዊድኖች እስከ ዛሬ ኪሎ ለመቀነስ መጾምን "ባንታ" ይሉታል።

እኛን የገረመን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አንድ መቶ ዓመት ገደማ ዳቦና ድንች ያወፍራሉ የሚለው ነገር ማንም የሚከራከርበት አልነበረም። ታዲያ ጥፋተኛው መቼ ተቀየረ?

በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ድካም መታቸው። አገሩ ደነገጠ። የሚኒሶታው ተመራማሪ አንሴል ኪስ መልስ ነበረው፤ ሥጋና ወተት ውስጥ የሚበዛው የረጋ ቅባት ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮል ደግሞ ልብን ይጎዳል። በ1961 የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ልብ በሉ፤ ኪስ ያወራ የነበረው በዋናነት ስለ ልብ ነው። የረጋ ቅባትና ኮሌስትሮልን በተመለከተ ያለው ነገርም ዛሬ ድረስ አልወደቀም። ችግሩ ምክሩ ከልብ ወደ ቦርጭ ሲንሸራተት ነው። በአማርኛ ጮማ ላይ ያለውም "ስብ" ነው፣ ሆዳችን ላይ ያለውም "ስብ" ነው፤ እንግሊዝኛውም እንደዚያው። ስብ የበላ ስብ ይሆናል ብሎ ማመን ምን ይከብዳል? ሒሳቡም ያግዛል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ነው፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4።

ከጀርባ ደግሞ ገንዘብ ነበር። በ1967 ሦስት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጣታቸውን ወደ ቅባት ቀስረው ስኳርን ነፃ የሚያወጣ ጽሑፍ አሳተሙ። የስኳር ኢንዱስትሪው ለዚህ 6,500 ዶላር መክፈሉ ግን መጽሔቱ ላይ አልተጻፈም። ደብዳቤዎቹ ተገኝተው ነገሩ ይፋ የወጣው በ2016 ነው።

በ1977 በሴናተር ማክገቨርን የሚመራው ኮሚቴ ለአሜሪካውያን ምክር አወጣ። ቅባትን ቀንሱ፣ ካርቦሃይድሬትን ጨምሩ፣ ስኳርንም ቀንሱ። ሦስተኛዋን ማን ሰማት? ፋብሪካው ከብስኩቱ ላይ ቅባቱን አወጣና ጣዕሙን በስኳር ጠበቀ። በ1992 ስናክዌልስ የሚባል "ቅባት አልባ" ብስኩት ገበያ ወጣ፤ ሰውም ኃጢአት የለበትም ብሎ ፓኮውን ጨረሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመቶ 15 ገደማ የነበሩት ከልክ በላይ የወፈሩ አሜሪካውያን አዋቂዎች በ2000 ከመቶ 30 ደረሱ። ምክንያቱ ይህ ምክር ብቻ ነው አንልም፤ ሰሃኑም ትልቅ ሆነ፣ ካሎሪውም በአጠቃላይ ጨመረ። ግን የወፈረው ሰው ምን ተባለ? ምክሩን አልሰማህም ተባለ።

ሮበርት አትኪንስ የገባው በዚህ መሀል ነው። የኒው ዮርክ የልብ ሐኪም ነበር። በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ሥጋውንም ቅቤውንም ብሉ፣ ዳቦውን ብቻ ተዉ አለ። በሚሊዮን ተሸጠ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሎ የሚወርድበት ፍጥነት ራሱ ማስታወቂያ ነበር። የዚያ ፍጥነት ግማሽ ምስጢር ግን ውሃ ነው። ሰውነት ያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 አትኪንስን አወገዘው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሰደብ ኖሮ እንደገና ፋሽን ሆነ።

በሚያዝያ 2003 አትኪንስ ኒው ዮርክ ውስጥ በረዶ አንሸራቶት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ በ72 ዓመቱ ሞተ። በዓመቱ የሬሳ ምርመራ ወረቀቱ አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሲሞት 117 ኪሎ ነበር ይላል። ተቃዋሚዎቹ ጨፈሩ፤ ይኸውላችሁ፣ ራሱ ወፍራም ነበር! ሆስፒታል ሲገባ ግን የተመዘገበው ክብደት 88 ኪሎ ገደማ ነበር። ልዩነቱን ቤተሰቡ ራሱን ስቶ በተኛባቸው ቀናት በሰውነቱ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው አለ። በክርክር ሊረቱት ያልቻሉትን ሰው ሬሳውን መዘኑት። ባንቲንግ ቀብር አስፈጻሚ ሆኖ ስንት ሬሳ ተሸክሟል፤ እንዲህ ያለ ግን ያየ አይመስለንም።

ዳኛው መጨረሻ ላይ ቁጥር ሆነ። በ2003 የወጣ አንድ ጥናት በስድስት ወር የአትኪንስን ምግብ የበሉት የበለጠ መቀነሳቸውን፣ በዓመቱ ግን ልዩነቱ መጥፋቱን አሳየ። በ2018 የስታንፎርዱ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ጣሉ። በስታቲስቲክስ ልዩነት አይባልም። ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት ምክር ተሰጥቶ ነበር፤ አትክልት ብሉ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ቀንሱ፣ እቤታችሁ አብስሉ። ካሎሪ ቁጠሩ ያላቸው የለም።

ከአማካዩ በታች የተደበቀው ነገር ነው የሚገርመው። በሁለቱም ቡድን ከ25 ኪሎ በላይ የጣለ ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ታግሎ ኪሎ የጨመረም ነበር። ተመራማሪዎቹ ማን በየትኛው ምግብ እንደሚቀንስ አስቀድሞ የሚነግር ምልክት በዘረ መላቸው ፈለጉ፣ በኢንሱሊናቸው ፈለጉ። አላገኙም።