በወረቀት ላይ የቀረ የአክሱም ቤተ መንግሥት

ወደ አክሱም የተጓዘ ምእመን ጽዮንን ተሳልሞ፥ ሐውልቶቹንም ተመልክቶ ይመለሳል። ከከተማው በስተ ምዕራብ ታዕካ ማርያም ከተባለው ስፍራ ግን የሚታይ ነገር ብዙ ስለሌለ ቆም የሚል ጥቂት ነው። ታዕካ በግእዝ ቤተ መንግሥት፥ አዳራሽ ማለት መሆኑን ለካህናት መንገር አያሻም። ስሙ እውነት ይናገራል፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት የጥንት አክሱም ሕንፃዎች ሁሉ የሚሰፋው በዚያ ነበረ።

ይህን ያወቅነው በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ በኤኖ ሊትማን መሪነት ከመጡት የጀርመን ሊቃውንት ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ፍርስራሹን በገመድ ለክተው ካርታውን ነደፉ፥ ፎቶግራፍም አነሡ፤ መጽሐፋቸውም በ4 ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 በበርሊን ታተመ። በዚያ ንድፍ የግቢው ርዝመት ወደ 120 ሜትር፥ ስፋቱ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። በመካከሉ ከፍ ባለ መሠረት ላይ የተሠራ፥ በ4 ማዕዘኑ ወጣ ወጣ ያለ ቤት አለ፤ ደረጃው፥ አደባባዩና በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ሁሉ ተለክተዋል።

ኋላ ኢጣልያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ የመኪና መንገድ በፍርስራሹ ላይ አሳለፉበትና አብዛኛው ጠፋ። ሊቃውንቱ 30 ዓመት ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ ከስሙ በቀር ምን በቀረልን?

በዚያው መጽሐፍ ፎቶግራፍ ላይ ተሰባብሮ የተኛ ታላቅ ሐውልት ይታያል። እርሱ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተጋዘ፤ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። የተወሰደውን መልሱ ማለት ይቻላል፤ መንገድ የተነዳበትን ግን ማን ይመልሳል?

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክሬንከር ከንድፉ ሌላ ቤቱን ከነደርቡና ከነግንቡ አሟልቶ ሥሎታል፤ ይህን ሥዕል አንዳንድ ሰው በዓይን የታየ አድርጎ ይጠቅሰዋል። መሐንዲሱ በዓይኑ ያየው መሠረቱን ነው፤ የቀረውን የገመተው በሐውልቶቹ ላይ ከተቀረጹት በሮች፥ መስኮቶችና የአግዳሚ እንጨት ራሶች ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የመሠረቱን ስፋት የሚሻ ንድፉን ይመልከት፤ ስለ ደርቡ የሚጠይቅ ግን ወረቀቱን አጥፎ ከሐውልቶቹ ሥር ይቁም።